ለጋቢው ጭብጨባ፣ ለሸማኔው ዝምታ

ከብቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው የሰፈር ስምም የአውቶቡስ መስመርም አይደለም። አስቀድሞ የሚማረው ስለ ገዛ ሰውነቱ ነው። ትናንት በመንደሩ ማንም ልብ ብሎ ያላየው ጉልበቱ ዛሬ በመርካቶ መካከል መታያ ይሆናል። አፉን ሳይከፍት ቁምጣው ይናገርበታል፤ ጋቢው ይመሰክርበታል፤ ዱላው ያሳብቅበታል። አንዱ ስሙን ሳይጠይቅ «ጎጃሜ!» ብሎ ይጠራዋል፤ ሁለተኛው የዕቃውን ዋጋ እጥፍ አድርጎ ይነግረዋል፤ ሦስተኛው ሰላምታ ሳይሰጠው ሸክም ያሳየዋል። ሳምንቱ ሳይሞላ ወጣቱ ከአንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ በሚያጠራቅማት የመጀመሪያ ገንዘብ ረዥም ሱሪ ይገዛል።

ስለዚህ ሱሪ ብዙ ተብሏል። በየስብሰባው አዳራሽ፣ በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ፣ በየመጽሔቱ ዐምድ «ወጣቱ ባህሉን ጣለ፤ የባዕድ ልብስ አምላኪ ሆነ» የሚለው ወቀሳ ከዓመት ዓመት ይሰማል። ወቀሳውን የሚያሰማው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ የቆመ መሆኑ ለጊዜው ይቆይ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ወጣቱ ሱሪውን የገዛው ባህሉን ጠልቶ ነውን? ወይስ በለበሰው ልብስ ምክንያት ሰው ተብሎ መቆጠር ስለ ቀረበት? መልሱ ግልጽ ነው። ሱሪው ጋሻ ነው። ጋሻ ያነሣን ሰው ከመውቀስ በፊት ድንጋይ የወረወረበትን መፈለግ ይገባል።

ወጣቱ የጣለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅም ይገባል። ከቤቱ ሲወጣ እናቱ ትከሻው ላይ ያኖረችለት ጋቢ ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። ጥጡ ከቆላ መጥቶ በገበያ ቀን ተሸመተ። እናት ፍሬውን ዳምጣ አወጣችለት፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ አደረገችው፤ ከዚያም እንዝርቷን ይዛ ቡና እስኪፈላ፣ ሊጥ እስኪቦካ፣ ልጅ እስኪተኛ ባለው ጊዜ ሁሉ ፈተለች። የጋቢ ፈትል የአንድ ሰሞን ብቻ ሥራ አይደለም። ክረምት ይገባበታል፤ በጋ ይወጣበታል። ፈትሉ ሲበቃ ወደ ሸማኔው ሄደ። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ አራት እጥፍ የሚሆን ሸማ አወጣላት። «ልጄ፣ የአገሩን ብርድ ይህ ይይዝልሃል» ብላ ሰጠችው። ይህ ጋቢ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ሲደርስ ተጣጥፎ ከሣጥን ሥር የሚገባው። ሌሊት ይለበሳል፤ ሲነጋ ይደበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የወጣቱ ታሪክ የጥፋት ብቻ ታሪክ ተደርጎ መነገር የለበትም። ትልቅ ከተማ የዐይን ትምህርት ቤት ነው። በመንደሩ ልብሱን ወቅትና ሥራ ይመርጡለት የነበረ ወጣት አሁን ራሱ መምረጥን ይማራል። ሕጉ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ ቢከለክልም በየመንገዱ ዳር ከተቆለለው ሳልባጅ ውስጥ እጁን እያስገባ የጨርቅን ውፍረት በጣቱ ይለያል። የማያውቀው አገር ሰው ለብሶ የጣለውን ጃኬት በልብስ ሰፊ አስጠብቦ የራሱ ያደርገዋል። ምን ዐይነት ቀለም ከፊቱ ጋር እንደሚስማማ፣ ትከሻው ምን ያህል ስፋት እንደሚሻ፣ ጠጉሩ እንዴት ሲቆረጥ እንደሚያምርበት ያውቃል። ይህ ከንቱ ነገር አይደለም። ሰው ራሱን በመስታወት አይቶ «እንዲህ ልሁን» ብሎ መወሰኑ የነፃነት አንድ ክፍል ነው። ድኻ ሲያጌጥ «ምን አግኝቶ ነው?» የሚል ሰው ጌጥን የሀብታም ርስት አድርጎ የሚያይ ሰው ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ላይ ነው። ዓመታት ያልፋሉ። ወጣቱ በማታ ትምህርት ይገፋል፤ ሥራ ይይዛል፤ የቢሮ ወንበር ያገኛል። አንድ ቀን ከአለቃው ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስለሚከበር ሠራተኛው ሁሉ በባህል ልብሱ ይገኝ ይላል። ያን ጊዜ ቁምጣው ያስፈልጋል። ነገር ግን የፊተኛው ቁምጣ የለም። ስለዚህ ወደ ገበያ ወርዶ ከባሕር ማዶ በፋብሪካ ታትሞ የመጣ፣ ጥለት የሚመስል ሥዕል ያለበት ጨርቅ ወይም ለመድረክ ብቻ የተሰፋ አንጸባራቂ አረንጓዴ ቁምጣ ይገዛል። ለብሶ ይመጣል። ይጨበጨብለታል። ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ልብሱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ቀድሞ ያሳፈረው ልብስ አሁን ለአንድ ቀን ያኮራዋል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን ከብቸና ሸማኔና ከሞጣ ልብስ ሰፊ እጅ አንድም ሳንቲም አልደረሰም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። የገበሬው ልብስ ሁለት ጊዜ ተዋርዷል፤ በመጀመሪያ በሳቅ፣ በሁለተኛ ደግሞ በጭብጨባ። ሳቁ ለባሹን አሳፈረው፤ ጭብጨባው ሠሪውን ረሳው። ልብስ የሚከበረው በሥራ ቀን ሲለበስና የሠራው እጅ ዋጋውን ሲያገኝ እንጂ በዓመት አንድ ቀን መድረክ ላይ ሲወጣ አይደለም።

ስለ ቁምጣው ራሱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አወዳሹም አንቋሻሹም በአንድነት የተሳሳቱበት ጉዳይ አለ። ሁለቱም ቁምጣን ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ልብስ አድርገው ይቈጥሩታል። አንዱ ስለዚህ ያፍርበታል፤ ሌላው ስለዚህ ያመልከዋል። እውነቱ ግን በዐይን የሚታይ ነው። አረንጓዴው ቁምጣና ኮቱ የሚሰፋው ከፋብሪካ ጨርቅ ነው። የሚሰፋውም በገበያ ቀን ከሱቅ በረንዳ ላይ በተቀመጠ የእግር መኪና ነው። በኪሱና በጠርዙ ላይ የሚሮጠው የክር ጌጥ የልብስ ሰፊው ፈጠራ ነው፤ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይለወጣል። ጎበዙ ገበሬ እህሉን ሸጦ ከልብስ ሰፊው ፊት ቆሞ «ኪሱን ከፍ አድርግልኝ፤ ክሩን ቀይ አስገባበት» ይላል። ይህ ሞድ ካልሆነ ሞድ ምንድን ነው? አዲስ አበባ የመጣው ወጣት መምረጥን ያገኘው በከተማ መሰለው እንጂ አባቱ በብቸና ገበያ ላይ ሲመርጥ ኖሯል።

ማጠሩም ቢሆን ምክንያት አለው። በብቸና ዙሪያ ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ እግርን ይይዛል፤ ጭቃው እስከ ባት ይደርሳል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ከበሬው ኋላ ሲራመድ ለሚውል ሰው ረዥም ሱሪ ሸክም ነው። ቁምጣው እንግዲህ የኋላ ቀርነት ምልክት ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የተስማማ የሥራ ልብስ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ዋልካ የበቀለውን ነጭ ጤፍ እያመሰገነች ትበላለች፤ ጤፉን ባበቀለው ሰው ጉልበት ላይ ግን ትስቃለች። የፋብሪካ ሠራተኛ ቱታ ሲለብስ የሳቀበት የለም። ገበሬው ለሥራው የሚስማማውን ሲለብስ የሚሳቅበት ስለ ምንድን ነው?

ከቁምጣው ወደ ጋቢው፣ ከልብስ ሰፊው ወደ ሸማኔው ሲታለፍ ነገሩ ይከፋል። በኢትዮጵያ ደጋ ምድር እንደ ሸማ የተከበረ ነገር ጥቂት ነው። ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል፤ ሸማ ለብሶ ሽማግሌ ይላካል፤ ሙሽራ በሸማ ይዳራል፤ ሙት በሸማ ይገነዛል። ሸማኔ የሚለው ቃል ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጨርቁን ለታቦት መጋረጃ የሰጠው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ለመጋባት የማይበቃ ተደርጎ ተቈጥሯል። በብዙ ቦታ ይህ ሙያ በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤላውያን እጅ ስለ ነበረ የሙያው ንቀት ከሃይማኖት ንቀት ጋር ተጋብቶ ሁለት እጥፍ ከብዷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው ምክንያት መሳደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በአዋጅ አልሞተም። ዛሬም ልጁ ሸማኔ እንዲሆን በግልጽ የሚመኝ አባት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ልጁ ሙያውን ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድ ጉድጓዱ ባዶ ይቀራል። የሙያው ባለቤት ሲያልፍ የጥለቱ ስምም አብሮት ያልፋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ እንጂ በወጣቱ ሱሪ ላይ አይደለም።

ስለ ልብስና ስለ ባህል የተደረገው ክርክር በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የሆኑ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። መሬቱ እንዳይለካና ርስቱ እንዳይነካ የሠጋው የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ። ያ ሁሉ ገበሬ በቁምጣና በጋቢ ነበር የተነሣው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ፣ የሞድ ትርዒት ተዘጋጀ። አጭር ቀሚስ የዘመኑ ወሬ ነበረ። ተማሪዎች ትርዒቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙት። ተቃውሞው ወደ ግጭት ተለወጠ፤ ተማሪዎች ታሠሩ፤ ዩኒቨርስቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

የተማሪዎቹ ጥያቄ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በአገሩ ገበሬ ግብር ሲያምጽ፣ በከተማው ለጥቂቶች የሚሆን የውጭ ሞድ ማሳየት ዐይን የሚወጋ ነገር ነበር። ይሁንና ቁጣው ያረፈበትን ቦታ መመርመር ይገባል። ቁጣው ያረፈው በሴቶች ልብስ ላይ ነው። የወንዶቹ ኮትና ሱሪ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ኮቱ ዘመናዊነት ተባለ፤ ቀሚሱ ክህደት ተባለ። ሸማኔውማ ከነጭራሹ አልተነሣም። የባዕድ ጨርቅን የሚጠላ ንቅናቄ በመጀመሪያ የአገሩን ጨርቅ ሠሪ ማሰብ በተገባው ነበር።

ያ ስሕተት ከዚያ ትውልድ ጋር አልተቀበረም። ዛሬም በማንኛውም የበዓል ቀን ወደ አዳራሽ የገባ ሰው በዐይኑ ያየዋል። ሚስት ጥበብ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ አጣፍታ ባህሉን ተሸክማ ትመጣለች፤ ባል ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጎኗ ይቀመጣል። ባህልን የመጠበቅ ግዴታ በሴቷ ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ የመሰልጠን መብት ለወንዱ ተሰጥቷል። ሴቷ አንድ ቀን ጂንስ ከለበሰች «ባህል ጠፋ» ይባላል። ወንዱ ጋቢውን ለሃያ ዓመት ከሣጥን ባያወጣው የሚጠይቀው የለም። ጥጡን የፈተለችው ሴት፣ ልብሱን የምትለብሰው ሴት፣ የምትወቀሰውም ሴት ናት። እንዲህ ያለውን ሚዛን ባህል ብሎ መጥራት ባህልን መሳደብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ተጠያቂነቱ በኪነ ጥበብ ሰዎች ላይ ይከብዳል። የገበሬውን ልብስ መሳቂያ ያደረገው የመርካቶ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የመድረክ ጸሐፊው ተባብሮታል። ስንት ቴአትርና ስንት የቴሌቪዥን ድራማ ነው ተመልካቹን ለማሳቅ ሲያስብ ቁምጣ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር፣ መኪና ሲያይ የሚደነግጥ «ገጠሬ» ወደ መድረክ ያወጣው? ሰውየው ገና ቃል ሳይናገር አዳራሹ ይስቃል፤ የሚስቀው በልብሱ ነው። ደራሲው ጠባይ መፍጠር ሲያቅተው ቁምጣ ያለብሳል። ያ ሳቅ ከአዳራሹ ወጥቶ ጎዳና ላይ ይሄዳል፤ ከአውቶቡስ ገና የወረደውን ወጣት ያገኘዋል።

የኪነት ቡድኖችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ከወጡ ወዲህ የገጠሩ ዘፈንና ጭፈራ ወደ ከተማ መድረክ በሰፊው ገብቷል። በ1980 ዓ.ም. ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ጉዞ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ጭፈራና አለባበስ በብዙ አገሮች መድረክ ላይ አሳይቷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ከሩቅ እንዲታይ ቀለሙ ይደምቃል፤ ሁሉም ተጨፋሪ አንድ ዐይነት እንዲሆን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለመጨፈር እንዲቀል ጨርቁ ይሳሳል። የብቸናው ክር ከሞጣው ክር የማይለይበት፣ ጋቢው ጋቢ ሳይሆን የጋቢ ምልክት የሆነበት ልብስ ይወጣል። በመጨረሻም የሞጣ ልጅ የአባቱን ልብስ ከመድረክ አይቶ ይገለብጠዋል። መድረኩ ከሕይወት መቅዳት ሲገባው ሕይወት ከመድረክ መቅዳት ትጀምራለች።

የአገሩ ሥነ ጽሑፍ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ያውቅ ነበር። በዚሁ በብቸና አገር ያለችው ዲማ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሕያው ሆና ትኖራለች። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ አንባቢ የማይረሳው አንድ ነገር አለ። ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ የምትወጣው መነኩሴ መስላ ነው። ደራሲው ልብሱን ለጌጥ አላስገባውም፤ ለማሳቂያም አላደረገውም። የመኳንንት ልጅነቷን ከላይዋ ገፍፋ በራሷ ፈቃድ የምትሄድበት መንገድ አደረገው። ልብስ በታላቅ ደራሲ እጅ ሲገባ ሰውን ይገልጣል፤ በሰነፍ ደራሲ እጅ ሲገባ ሰውን ይሸፍናል።

የሌላው ዓለም ልምድም ሊጠቅም ይችላል። በህንድ ጋንዲ እንዝርቱን የትግል መሣሪያ ባደረገ ጊዜ ለሕዝቡ ያለው «ያባቶቻችሁን ልብስ ለብሳችሁ ጨፍሩ» አልነበረም፤ የገዛ እጃችሁን ፈትል በየቀኑ ልበሱ፣ የመንደሩ ፈታይና ሸማኔ እንጀራ ያግኙ ነበር ያለው። ራሱም ፈተለ፤ ራሱም ለበሰ። በቡርኪና ፋሶ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቶማስ ሳንካራ የመንግሥት ሠራተኞች በአገሩ ጥጥ በእጅ የተሸመነውን ፋሶ ዳን ፋኒ እንዲለብሱ አደረገ። በዚህም የሸማኔዎቹ ገበያ ሰፋ። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚወሰድ ሁለተኛ ትምህርት አለ። በትእዛዝ የተለበሰ ልብስ አዛዡ በ1980 ዓ.ም. ሲገደል ግዴታነቱ አብሮ ወደቀ። ስለዚህ ካድሬው ከዚህ ምሳሌ መውሰድ ያለበት መመሪያውን ሳይሆን ገበያውን ነው። ሸማኔውን የሚያኖረው ትእዛዝ ሳይሆን ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ነው።

ምሳሌ ከሩቅ ብቻ መፈለግም አያስፈልግም። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ የድኻ ጫማ እየተባለ የሚናቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በቤተልሔም ጥላሁን የተመሠረተው ሶል ሬብልስ ከአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥቶ ያንኑ የጎማ ሶልና በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ አዋሕዶ ለዓለም ገበያ አቀረበ። በረባሶው በንግግር አልከበረም። የሰፈሩ ባለእጅ ተቀጥሮ፣ ደመወዝ ተቀብሎ፣ ሥራው ተሽጦ ነው የከበረው። እንዲሁም በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች የከተማዋን በዓል ሁሉ ያለብሳሉ። የጥለቱ ዋጋ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲያድግ የሸማኔው ድርሻ ግን አብሮ እንደማያድግ በዚያ ሰፈር ያለፈ ሁሉ ያውቃል። የጎጃሙም ሸማኔ የሽሮ ሜዳውም ሸማኔ ጥያቄያቸው አንድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቸል ሊባልም አይገባውም። «በእጅ የተሸመነ ልብስ ውድ ነው፤ ድኻው የታተመውን ጨርቅ ገዝቶ ቢያጌጥ ምን ክፋት አለው?» ይባላል። እውነት ነው፤ ድኻው ምንም ክፋት የለበትም። ልጇን ለበዓል ለማልበስ የታተመ ጨርቅ የገዛች እናት የምትወቀስበት ምክንያት የለም። ወቀሳው የሚመለከተው በጀት ያለውን ነው። መሥሪያ ቤት ለአንድ ቀን በዓል የሚያወጣውን ገንዘብ ለታተመ ጨርቅ ሲያውለው፣ የባህል ቡድን የመቶ ሰው ልብስ ከፋብሪካ ሲገዛ፣ ስለ አገር ጥበብ በሚናገረው ሰው ራስ ላይ የተሰቀለው መጋረጃ እንኳ ከውጭ የመጣ ሲሆን ያን ጊዜ ድኻው ሳይሆን ባለ ማኅተሙ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሸማኔው ራሱ አይለወጥም፤ የድሮውን ብቻ ይሠራል» የሚል ነው። ይህም እውነት የለውም። የቁምጣው ክር ከዓመት ዓመት መለወጡ ብቻ በቂ ምስክር ነው። ባለእጁ ገበያ ሲያገኝ ይለወጣል፤ ገበያ ሲያጣ ይጠፋል። ያልተለወጠው የደንበኛው ዐይን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ከባድ አይደለም። የቴአትር ቤቶችና የኪነት ቡድኖች የጎጃምን ጭፈራ ሲያዘጋጁ ልብሱን ከብቸናና ከሞጣ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች በቀጥታ ይግዙ፤ በፕሮግራሙም ላይ የዜማ ደራሲውና የአዘጋጁ ስም በሚታተምበት ገጽ የሸማኔው ስም ይታተም። የመድረክ ልብስ ሠሪ ሙያተኛ እንጂ ስም የሌለው አገልጋይ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኢጣልያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተተከለባት በባሕር ዳር ዛሬ ዩኒቨርስቲው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት ያስተምራል። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ከአንድ ቀን ጉዞ ያንሳል። ተማሪው የሞድ ሥዕሉን ከውጭ መጽሔት ከመገልበጡ በፊት ከልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ጥቂት የገበያ ቀኖች ቢቀመጥ፣ ክሩ ለምን በዚያ እንደሚዞር ቢጠይቅ፣ ለመለሰለትም ሰው የመምህር ክፍያ ቢከፈለው ትምህርቱ ሥር ይኖረዋል።

መምህሩም ድርሻ አለው። በባህል ቀን «ሁላችሁም የባህል ልብስ ለብሳችሁ ኑ» የሚለው ትእዛዝ የድኻውን ልጅ ከቤት ያስቀራል። ከዚያ ይልቅ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይሂድ። ልጆቹ መወርወሪያው ሲሮጥ ይዩ፤ ድር ምን እንደሆነ፣ ማግ ምን እንደሆነ በእጃቸው ይንኩ። በክፍሉ ውስጥ የሸማኔው ልጅ ካለ በዚያን ቀን ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። የአንድ ልጅ ራስ ቀና ማለት ከአንድ ሺህ የጭብጨባ እጅ ይበልጣል። ካድሬው ደግሞ ንግግሩን ያሳጥር፤ ሸማኔው ፈትል በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያገኝበትን፣ ከዝናብ የተጠለለ መሥሪያ የሚያገኝበትን፣ ሥራውን ያለ ደላላ የሚሸጥበትን መንገድ ይፈልግ። ደራሲው ቁምጣ የለበሰ ሰው ወደ መድረክ ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚናገረው ቃል ይስጠው፤ ሳቁ ከቃሉ ይምጣ፣ ከጉልበቱ አይምጣ። ሁሉም በአንድነት ደግሞ የሴቶችን ቀሚስ ርዝመት ከመለካት እጃቸውን ይሰብስቡ።

ወጣቱስ? ወጣቱ የፈቀደውን ይልበስ። ጂንሱንም ጃኬቱንም በላቡ ገዝቷል፤ የመረጠበት ዐይን የራሱ ነው። ጋቢውን ልበስ ብሎ የሚያዘው ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በጋቢው ምክንያት የማይሳቅበት ጎዳና ነው። እንዲህ ያለ ጎዳና ካገኘ አንድ ብርዳማ የሐምሌ ማታ፣ በዓል ሳይሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺ ሳይኖር፣ ከሥራ ሲመለስ ጋቢውን ከሣጥኑ ሥር አውጥቶ በጃኬቱ ላይ ይደርበዋል። ያን ጊዜ እናቱ ያለችው ነገር እውነት እንደ ነበረ ይረዳል፤ ብርዱን ይይዛል። ጋቢው ሲያረጅም ሌላ ለማሠራት ወደ ብቸና ይልካል። ጥያቄው ያን ጊዜ መልእክቱን ተቀብሎ ድሩን የሚዘረጋ ሸማኔ በጉድጓዱ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። የመልሱ ግማሽ ያለው በወጣቱ እጅ ሳይሆን በጀትና መድረክ፣ ጠመኔና ማኅተም በያዙ ሰዎች እጅ ነው።